የጋሽ ቀስት ሕይወትና የአንዲት ተማሪ መልስ

በተማሪዎቻቸው ዘንድ ጋሽ ቀስት በመባል የሚታወቁት የፊዚክስ መምህር ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ለቤቱ አራተኛ ልጅ ሆነው፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሠፈር ተወለዱ። ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ሜትር ሰርቀው ግቢውን ሲለኩ ይውሉ እንደነበር ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል።

ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው በሃያ ሦስት ዓመታቸው በመምህርነት ተቀጠሩ። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ከትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ አፍርተዋል። ቁጡ ነበሩ፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው ያወጡት አንድ የማጠቃለያ ፈተና ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲያሳዝናቸው ኖሯል። ጥያቄው ኢነርጂ ስለማይባክንበት፣ ኢላስቲክ ስለሚባለው ግጭት ነበር፦ በሰከንድ ስድስት ሜትር የምትሄድ የአንድ ኪሎ ኳስ ከቆመች የሁለት ኪሎ ኳስ ጋር ብትጋጭ የትንሿ ፍጥነት ስንት ይሆናል? መምህሩ በመልስ ወረቀታቸው ላይ "ሁለት" ብለው ጻፉ። ትክክለኛው ነጌቲቭ ሁለት ነው፤ ትንሿ ኳስ ወደ መጣችበት ትመለሳለችና። መልሱን ያመሳከሩት በኢነርጂ ብቻ ነበር። እዚያ ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ ነጌቲቩ ይጠፋል፣ ስህተቱም ሳይታይ ያልፋል። አቅጣጫን በሚቆጥረው በሞመንተም አይተውት ቢሆን ወዲያው ባወቁት ነበር።

ነጌቲቭ ብላ የጻፈች አንዲት ተማሪ ብቻ ነበረች። ቢሯቸው ድረስ መጥታ "ቲቸር፣ ኳሷ እኮ ወደ ኋላ ነው የምትመለሰው፤ እባክዎ በሞመንተም ይዩልኝ" ብትላቸው፣ "ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ አንቺ?" ብለው መለሷት። ጥያቄው የያዘው ሦስት ማርክ ጎድሏት ወደቀች። አባቷም ከትምህርት ቤት አስወጥተው ልብስ ስፌት አስገቧት።

መምህሩ ስህተታቸውን ያዩት ከስድስት ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሲሠሩ ነው። ጠመኔውን አስቀምጠው ከክፍል ወጡ። ከዚያ ወዲህ የአቅጣጫ ቀስት ሳይሥል ስሌት የሚጀምር ተማሪ አልታገሡም፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው። የተማሪዋ ውጤት እንዲታረም ለሬጅስትራር ቢያመለክቱ "መዝገቡ ተዘግቷል" ተባሉ። ልጅቷንም ሃያ ሁለት ዓመት ፈልገው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በስፌት ሱቋ አገኟት። ይቅርታ ሲጠይቋት የስፌት መኪናዋን ሳታቆም፣ "እኔስ ትቼው ነበር። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ሰነፍ ስለሆንሽ ነው የወደቅሽው ሲለኝ ነው የኖረው። አሁን እሱን ማን ይንገርልኝ?" አለቻቸው።

በኩላሊት ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ይህ ታሪክ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ አደራ ብለዋል። ታናሽ ወንድማቸው "ሬሳ ፊት ገመና አይወጣም" ብለው ተቃውመው ነበር፤ ባለቤታቸው ግን "በአደባባይ የጠፋ ስም በጓዳ አይመለስም" ብለው ቆረጡ።

መምህሩ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። እዚህ ለቆማችሁ ሁሉ፣ አባቷን ለምታውቁም ጭምር፣ በቃላቸው መሠረት ይነገራል፦ የልጅቷ መልስ ትክክል ነበር፤ የተሳሳቱት መምህሯ ናቸው።

ፈጣሪ የእሳቸውን ነፍስ ይማር፤ የእሷንም ልብ ያሳርፍ።