ወጥታ ያደረችን ልጅ ስለ መመለስ

በአላህ ስም። እኔ ሰኒሃ፣ በሎምቦክ ደሴት የገንቲላን መንደር ሸማኔ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ረቢዑል አወል በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፈው የመንደሩ አለቃ አማቅ ሙስታር ነው። ኢማሙ ሐጂ ፈድሊና ልጄ ራሲዲ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

የራሲዲ ልጅ ዊዲያ ትናንት ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። የጎረቤት መንደር ጎረምሳ እንደ ባህላችን ወስዶ አክስቱ ቤት አሳድሯታል። ነገ መልእክተኞቹ «ልጃችሁ እኛ ዘንድ ናት» ሊሉ ይመጣሉ። አባትየው እሺ ካለ አበቃ፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ሚስት ልትሆን ነው። ስለዚህ ይህ ኑዛዜ ሞቴን አይጠብቅም፣ አሁኑኑ ይሰማልኝ።

አንደኛ፤ ሸሪዓው ለልጆቼ የወሰነውን ድርሻ አልነካም። ሸሪዓው እንደ ልቤ እንዳዝዝበት የተወልኝ የሀብቴ ሲሶ የወንዝ ዳሯ የሩዝ ማሳዬና ይህ ቤቴ ናቸው። የማሳዋ ምርት ከመንደራችን ለሚወሰዱ ልጃገረዶች ማስመለሻና መማሪያ ይዋል። ቤቴም አባቷ «አላስገባም» ላላት ልጅ ማደሪያ ይሁን።

ራሲዲ እዚህ ላይ አቋረጠኝ፤ እርሱንም ጻፈው፣ ሙስታር።

«እማዬ፣ ያደረች ልጅ ትመለሳለች እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? ብትዳርም ያወራል፣ ብትመለስም ያወራል!»

«የልጁ ዘመዶችስ? ተናቅን ብለው ጠብ ያነሣሉ።»

«ይምጡ! ከሞት ጋር የምተናነቅ አሮጊት እነሱን ልፈራ?»

ሁለተኛ፤ ስለ ሴት ልጄ ስለ ማህነፕ። በእኛ ዘንድ መሸመን የቻለች ልጅ ለጋብቻ ደርሳለች ይባላል። እኔ በአሥር ዓመቷ አስተምሬ፣ ጥለቷን በየቤቱ እያሳየሁ ኮራሁባት። ለዓይን ያጋለጥኳት እኔው ነኝ። በአሥራ አራት ዓመቷ ወሰዷት። በማግስቱ አምልጣ መጥታ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» እያለች ደጄን አንኳኳች። ከውስጥ መቀርቀሪያውን ይዤ «ባልሽ ቤት ሂጂ» አልኳት። ምነው ምላሴ በተቆረጠ ኖሮ! ራሲዲ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። ቀሚሴን ይዞ «ክፈቺላት» ሲለኝ በጥፊ መታሁት።

ማህነፕ ዛሬ ማሌዥያ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ለመድኃኒቴ ትልካለች፣ ከእኔ ጋር ግን አታወራም። አልፈርድባትም። የወርቅ አምባሬ የእርሷ ነው። ይቅርታን ግን በአምባር አልገዛም፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ሞተች» በሉልኝ።

ሦስተኛ፤ ሽማግሌዎች ዕድሜዋ ሳይደርስ በምትዳር ልጅ ሠርግ እህል አትቅመሱ። ሐጂ ፈድሊ፣ እርስዎም ኒካሕ እንዳያስሩ። ከእንዲህ ያለ ሠርግ በኋላ «እኔ ዱዓ ብቻ ነው ያደረግሁት» ሲሉ እኔ ሰምቻለሁ፣ አላህም ሰምቶዎታል። የሽመና ዕቃዬን ለዊዲያ የምትሰጧት ትምህርቷን ስትጨርስ ነው፤ ከዚያ በፊት እጇ እንዳይነካው።

ራሲዲ ተነሣ።

«ብሄድስ ምን እላታለሁ?»

«‹አልተቆጣሁም፣ ቤትሽ ግቢ› በላት። ሌላ ምንም አትጨምር።»

ቃሌ ይህ ነው። ተነቦልኝ፣ ልክ ነው ብያለሁ።

ሰኒሃ፣ የአውራ ጣት አሻራ።

ጸሐፊና ምስክር፦ አማቅ ሙስታር፣ ፈርሟል።

ምስክር፦ ሐጂ ፈድሊ፣ ጥቂት አመንትተው ፈርመዋል።

ምስክር፦ ራሲዲ፣ አልፈረመም። ልጁን ዊዲያን ሊያመጣ ሄዷል።