የአቶ አምባዬ መጥሪያ የሚለጠፍበት በር

ናዝሬት፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 17 ቀን 1979 ዓ.ም.። ከጠዋት ጀምሮ አቧራ የተቀላቀለ ነፋስ ነበር። በቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ የተገኙ፦ ሊቀመንበሩ ጓድ ሐዲስ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዘርፉና እኔ ከሳሿ። ያልተገኙ፦ መኪና ሻጩ አቶ አምባዬ፣ እንደ ወትሮው።

ለተከበሩ ጓድ ሐዲስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ጉዳዬን ሲሰሙ ሦስት ጊዜ ስላዛጉ እንቅልፍ አጥተው እንደሆነ ሰግቻለሁ። ማንበብ የተማርሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነውና፣ በአክብሮቴ ላይ ጉድለት ቢያገኙ ጋዜጣው የተቀደደበት ቦታ ነው ብለው ይለፉኝ። በግልጽ የምጽፈውም፣ በፖስታ አሽጌ ያቀረብኋቸው አራት ማመልከቻዎች ታጥፈው ከጠረጴዛዎ እግር ሥር ገብተው፣ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ሲያገለግሉ ስላየሁ ነው። ለአገልግሎት መብቃታቸው አኩርቶኛል።

1ኛ. ጥቅምት ላይ አቶ አምባዬ ነጩን ፔጆ ለእኔና ለወንድሜ ለገርባ ሲሸጡልን፣ ውሉ የተፈረመው በእርስዎ ፊት ነው፤ ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ እፍ ብለው የመቱት እርስዎ ነዎት። የካቲት 26 ቀን ሞጆ ኬላ ላይ የሞተሩና የሊብሬው ቁጥር አልገጥም ብሎ፣ መኪናው ከመንግሥት እርሻ የተሰረቀ ሆኖ ተገኘ። መሪውን ይዞ የነበረው ገርባ ስለሆነ ሌባውም እሱ ሆነ። ከታሰረ ዛሬ ሃምሳ አንድ ቀኑ ነው።

2ኛ. ፖሊስ ጣቢያው የሚጠይቀው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ማኅተሙ የእኛ ነው፣ መኪናውም በፊታችን ተሸጧል የሚል። እርስዎ ግን ሻጩ ሳይቀርብ ማኅተሜን አላውቀውም አሉ። ልጁን ጎረቤት ካልመሰከረለት አልቀበልም ያለ አባት ሰምቼ አውቃለሁ፤ በገዛ ማኅተሙ ላይ እንዲህ ሲል የሰማሁት ግን የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት። ሰኞ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ መስመርዎ በወርቅ ቢጻፍም ገርባን አያስፈታውም።

3ኛ. መጥሪያን ከሳሽ ታድርስ በሚለው ደንብ፣ የተሰወረውን ሰው ፈልጌ እንዳስፈርም አዘዙኝ። ቡልቡላ እህታቸው ቤት ናቸው ተባልሁ፤ ሄድሁ፤ እህት የላቸውም። ሻሸመኔ ታይተዋል ተባልሁ፤ ሄድሁ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮቹ ስቀው፣ ካገኘኋቸው ለእነሱም እንድይዝላቸው አደራ አሉኝ። አገሬን ስላስጎበኙኝ አመሰግናለሁ።

4ኛ. ፔጆው ሲሸጥልን ተጠባባቂ ጎማ አልነበረውም። ባለቤትዎ በግቢያችሁ ጤና አዳም የተከሉበትን ጎማ ባለፈው ሳምንት አየሁት። ጤና አዳሙ አምሮበታል።

ዛሬ ሸንጎው፣ ተከሳሹ ካልተገኙ መጥሪያው በመጨረሻ በኖሩበት ቤት በር ላይ እንዲለጠፍ ወስኗል። ሲፈርሙ አድራሻውን ስላላነበቡት ላስታውስዎ፦ አቶ አምባዬ እስከ ጠፉበት ቀን ድረስ የኖሩት በእርስዎ ግቢ፣ በጓሮው ክፍል ነው። ተከራይተው እንዳልል ቤት ማከራየት በአዋጅ ተከልክሏል፤ ስለዚህ ለሁለት ዓመት በእንግድነት ተቀምጠው እንበል።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለቀለሙም አለመድረቅን የምመኝ፣ ደጅዎን በመጥናት እግሯ ያበጠ አክባሪዎ፣

ተሻለች ነጋሳ

ድኅረ ጽሑፍ፣ እሑድ ሚያዝያ 18 ጠዋት። በአሥራ ሁለት ሰዓት ዱቄት በውኃ አፍልቼ ማጣበቂያ ሠራሁ። አንድ ሰዓት ላይ መጥሪያውን በግቢዎ በር፣ በዓይንዎ ትክክል ለጠፍሁት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ምን እንደሆነ ስለጠየቁኝ፣ ማንበብ ለማይችሉት ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው። ወይዘሮ ዘርፉ ሲያልፉ አግኝቻቸው፣ መለጠፉን አይተው በምስክርነት ፈረሙ። እርስዎም በሩን ከፍተው፣ ሕዝቡን አይተው፣ መልሰው ዘጉት። በተረፈው ማጣበቂያ ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ከታች አንድ መስመር ባዶ ትቼልዎታለሁ፤ ለማኅተሙም ቦታ አለ። አሁን የገርባን ቁርስ ይዤ ወደ ጣቢያው እሄዳለሁ። ስመለስ መስመሩን አየዋለሁ።