የእናታችን አልቦ አገሩ ተገኘ

ከመተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት 1975 ዓ.ም.

ለእህቴ ለታንጉ፣ ገዳሪፍ፤

እንደምን ከርመሻል? ከነልጆችሽ ደህና ነሽ ወይ? እኔም፣ ሰሊጡም፣ ሙቀቱም ሳይቀር ደህና ነን።

እልል በይ! እናታችን አንድ አንዱን ያካፈለችን የብር አልቦ የት እንደተሠራ አወቅሁ። ከነገሥታቱ ቤት የወጣ ነው እያልን ስንኮራ፣ ለካስ እዚሁ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ኖሯል! ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የገላባት ብር ሠሪ ለገበያ መጥተው እግሬን ቢያዩ፣ «ይሄ የአባቴ እጅ ነው!» ብለው ጮኹ። ከውስጥ የተቀረጸች ትንሽ ዓሣ አሳዩኝ፤ ይኸን ያህል ዘመን አድርጌው አይቻት አላውቅም!

ከዚያም የእኔን አልቦ ጥንድ ከሣጥናቸው አውጥተው አያሳዩኝ መሰለሽ! ከገዳሪፍ የመጣ ሰው ነው አሉ የሸጠላቸው። አንች ሽንፋ ወንዝ ስትወድቂ ድንጋዩ ያንችን እንዳጎደጎደው፣ ይኸም እዚያው ላይ ጎድጉዷል። ያንችማ ከእግርሽ መች ወልቆ ያውቃል! አባታቸው ሦስተኛ ሠርተው ይሆናላ።

በሁለት ፍየል ለውጬ ወሰድኩት። ሁለቱንም አድርጌ ስሄድ ድምፃቸውን መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

መልሱን በራስሽ እጅ ጻፊልኝ፤ አንድ መስመርም ይበቃኛል። ደብዳቤውን የያዘው ሹፌር እስክትጽፊ ከደጅሽ እንዳይነሣ ነግሬዋለሁ።

አልቦዎቹን ያገናኘ አምላክ እኛንም ያገናኘን።

እህትሽ ውባንች