ለመንገድ የወጣ ቅሬ

ግንቦት 6

ቢሮ ዋልኩ። የመርሳ ከተማን የመጪ ዓመት የመንገድ ዕቅድ ጻፍኩ። አዲስ ኮብልስቶን ሁለት ቦታ። «የድሮውም ይጠገን» የሚል አንድ መስመር ጨምሬ ነበር፤ ኃላፊያችን አቶ ሙላቱ ሰረዙት። «ጥገና አይመረቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለተደፈነ ጉድጓድ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የት አለ?

የሰፈራችን መንገድ ግን ድንጋዩ ተነቃቅሎ ባጃጅ መግባት ትቷል። ነሲባ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። «የመንገድ ባለሙያ አግብቼ በቃሬዛ ልሄድ ነው» አለችኝ ማታ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ግንቦት 19

ዘነበ። ቦዩ ስለተደፈነ ጎርፉ በመንገዱ ሄደ። ዕቅዱ ጸደቀ።

ግንቦት 24

የጎረቤታችንን የፈይሩዝን አባት ቀበርን፤ አላህ ይዘንላቸው። መታጠፊያው ላይ ተሸካሚዎቹ ተንሸራተቱ። ጀናዛው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ነሲባም በዚሁ ነው የምትወጣው።

ከቀብር ስንመለስ ጋሽ ዘውዱ፣ የቅሬያችን ዳኛ፣ በሰው ፊት ያዙኝ። እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብር ዕድር ነው፤ ሁሉም ቆሞ ሰማ።

«ዛኪር፣ መንገዱ ያንተ ሥራ አይደለም ወይ?»

«ዕቅድ ውስጥ አልገባም፣ ጋሼ።»

«ሬሳውስ ገብቶ ነበር?»



ሰኔ 8

ቅሬው ተሰበሰበ። ጋሽ ዘውዱ ፈረዱ፦ ቅዳሜ ቅሬው ለመንገዱ ይወጣል፣ ልክ እንደ ቀብር። ወንዱ አካፋና ዶማ፣ ሴቱ ምግብ ይዞ። የቀረ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል። ድንጋዩ ከመመለሱ በፊት ቦዩ መጠረግ አለበት አልኩ። «በል አንተው ታሳየናለህ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሰኔ 11

ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ ወልዲያ ሥልጠና። ርዕሱ... «ኅብረተሰቡን በመንገድ ጥገና የማሳተፍ ስልት»። ለጥገና በጀት የለም፤ ስለ ጥገና ለመሠልጠን ግን አለ፤ ሰኔ ሳያልቅ ማለቅ አለበት። ልቅር ብዬ ለመንኩ። አቶ ሙላቱ ስምህ ተልኳል አሉ። ለጋሽ ዘውዱ ነገርኳቸው።

ሰኔ 13

ወልዲያ። አሠልጣኙ «ኅብረተሰቡን እንዴት እንቀስቅሰው?» እያለ ሲጠይቅ ነሲባ ደወለች። ቦዩ ተጠርጓል፣ ድንጋይ እየደረደሩ ነው፣ ሰው ሁሉ ዛኪር የት ሄደ ይላል። ስለ ጥገና እየተማርኩ ነው አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።

ማታ ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ሳይነጫነጭ ደጄ ድረስ አስገባኝ። ደስ አለኝ። አፈርኩም።

ሰኔ 15

ተቀጣሁ። የሥልጠናውን ሰርተፍኬት ለጋሽ ዘውዱ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ያምራል። ቅጣቱን ግን ክፈል።»

ሐምሌ 2

አቶ ሙላቱ መንገዱን «በጽሕፈት ቤታችን አስተባባሪነት የተጠገነ» ብለው ሪፖርት ላይ አስገቡት። ዛሬ እንግዶች መጥተው ሪባን ቆረጡ። ጥገናም ይመረቃል ለካ! ጋሽ ዘውዱን ንግግር አድርጉ ቢሏቸው «ሰዓት የለኝም፣ ለቅሶ አለብኝ» ብለው ሄዱ።

ሐምሌ 17

ጎህ ሲቀድ ምጥ ያዛት። ዶፍ ዝናብ። ባጃጁ ደጃፋችን ድረስ መጣ። ሴት ልጅ። አልሐምዱሊላህ።

ጥቅምት 7

ክረምቱ ቦዩን ደለል ሞልቶታል። ቅሬው ለዛሬ ተጠራ። ወልዲያም ለዛሬ ስብሰባ ጠራ፤ ያው ስለ ጥገና። ትናንት አቶ ሙላቱ ጋ ገባሁ። ቅሬ አለብኝ አልኳቸው።

«ውይ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም። እንዳይሞት ነው።»

ግራ ገባቸው፤ ግን ፈቀዱ። ቅሬ የሚከለክል አለቃ በወሎ አልተወለደም።

ጠዋት ጋሽ ዘውዱ ስም ሲጠሩ ከኔ ጀመሩ። ሆን ብለው ነው። ቀና ሳልል፣ ከቦዩ ውስጥ፣ «አቤት» አልኩ።