«ተመስገን»ን «ረክቻለሁ» ብሎ ለተረጎመው ጥናት

ለተከበሩ የሥራ ገበያ ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ጥናቱን ተቀምጠው ለጻፉበት ወንበር ጤና እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምጽፍልዎ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለምትሠራው ታናሽ እህቴ ነው። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል እንዲወሰን የቀረበው ሐሳብ በጥናትዎ ምክንያት መቅረቱን በሬዲዮ ብሰማ፣ ምስጋናዬን አፍኜ መያዝ አቃተኝ።

አንደኛ፣ ጠያቂዎ እህቴ አንሶላ ከምታጥፍበት ጠረጴዛ ድረስ መጥተው፣ አለቃዋ አጠገቧ እንደቆመ፣ ደመወዙ እንዴት እንደሆነ ስለጠየቋት አመሰግናለሁ። እሷም እንደ ማንኛችንም «ተመስገን ነው» አለች። እኛ እኮ ቤታችን ተቃጥሎ እንኳ እንዴት ናችሁ ስንባል የምንለው ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን «ሠራተኛዋ በደመወዟ ረክታለች» ብለው አሳተሙት። ለመሆኑ ወላጅ እናትዎ ታመው ሲጠይቋቸው «ተመስገን» ካሉዎት፣ መድኃኒታቸውን ያስቆማሉ?

ሁለተኛ፣ ደመወዝ ከተጨመረ አሠሪዎች ሰው ይቀንሳሉ ብለው ስለተጨነቁልን አንጀቴን በልተውታል። ሳይጨመርም ከክፍሉ ሁለት ሴቶች ተቀንሰው፣ የእነሱ የልብስ ክምር እህቴ ላይ ተጭኗል። በረኪናው ጣቶቿን ልጧቸው ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያማታል። ይህም በጥናትዎ «የምርታማነት ዕድገት» ተብሎ ስላየሁት ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛውን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። እህቴ ከባልደረቦቿ ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ተዳብላ ስለምትኖር ትንሿ ልጇ የምታድገው እኔ ዘንድ ነው። ጭማሪውን ተስፋ አድርጋ የራሷን ክፍል ለመከራየት አነጋግራ፣ ለልጅቷም እወስድሻለሁ ብላት ነበር። ወሬው በሬዲዮ በተሰማ ሰሞን አከራይዋ ክፍሉን ለሌላ ሰጡ። በጣም ተናድጃለሁ፤ ይህቺን እንኳ እንዳለች ይመዝግቡልኝ፣ ትርጉም አያስፈልጋትም።

ጥናትዎ የእኛን ደመወዝ ከመጨመር እንደጠበቀው ሁሉ፣ የእርስዎንም ከመቀነስ ይጠብቅልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

በጥናትዎ ውስጥ የረካችው ሠራተኛ ታላቅ እህት

ሳልረሳው፦ ልጅቷ ከሰሞኑ እኔን «እማዬ»፣ እሑድ እሑድ ልታያት የምትመጣውን እናቷን ደግሞ «አክስቴ» ማለት ጀምራለች። እህቴ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። በየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚገባ ስላላወቅሁ፣ እርስዎ ያስገቡት።