የእማዬ ፍንጭት

ይድረስ በዱባይ ለምትገኚው ለእህቴ ለጽዮን፤

እንዴት ነሽልኝ ጽዮንዬ? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ እንቅልፍሽስ? ያ ሳል ለቀቀሽ? ኤሲ ሥር መተኛቱን ተውሽ ወይስ አሁንም እንደ ድሮሽ ምክር አትሰሚም? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም፣ ተመስገን።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ስልክ ስንደዋወል እማዬ ከጎኔ አትጠፋም። የምነግርሽን ነገር ደግሞ «ለጽዮን ትነግራትና ወየውልህ!» ብላኛለች። ስለዚህ ጽፌ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ። መጻፍና መንገር ለየቅል ነው ብዬ ራሴን አታልያለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ስታዪን ከእማዬ የሚደርስሽ ድምፅዋና የጣሪያችን አምፖል ብቻ ነው። ስልኩን ስሰጣት ወደ ላይ ታዞረዋለች። አንቺም «ሳልሰናበታት ስለሄድኩ ተቀይማ ፊቷን ነሳችኝ» ብለሽ እንዳለቀስሽ ሰምቻለሁ። አልተቀየመችሽም እህቴ። እማዬ ጥርስ የላትም። ይነቃነቁ የነበሩት የመጨረሻዎቹ አንቺ በሄድሽ በወሩ ተነቀሉ። ከዚያ ወዲህ ስታወራ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ ታደርጋለች። ሰው ቤት ዳቦ ሲያቀርቡላት «ጾም ነኝ» ትላለች፤ በፋሲካ ማግስትም እንዲሁ ብላ ጎረቤት ጉድ አለ።

ጥርስ ሠሪ ልጅ እያላት? ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ ፒያሳ ተቀምጬ ለስንቱ አፍ ጥርስ እየሠራሁ የእናቴ ድድ ባዶ መሆኑ ያሳፍራል። ግን እምቢ ያለችው እሷ ነች። ልኬት የምንወስደው ሊጥ የመሰለ ነገር በሳህን ሞልተን አፍ ውስጥ በመጫን ነበር። አንዴ ሞክረንላት ልታስመልስ ደርሳ «ከዚህስ አጥሚት እየጠጣሁ ብሞት ይሻለኛል» ብላ ወጣች።

ዘንድሮ ክሊኒካችን ስካነር ገባ። የጥርስ ብሩሽ ወፈር ቢል የሚያክል፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው መሣሪያ ነው፤ ድዱን እየዞረ ያነሳና አፍን እንዳለ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጠዋል። ጥርስ ያለበት አፍ ይቀለዋል። ባዶ ድድ ግን ልሙጥ ስለሆነ ካሜራው የት እንዳለ ይጠፋዋል። እማዬን «ሊጥ የለውም» ብዬ አግባብቼ አመጣኋት፤ ሐኪማችን ዶክተር ሁዳ ምራቋን በጥጥ እያደረቀች፣ ከንፈሯንና ጉንጯን በጣቷ ገለል አድርጋ፣ ከኋላ ጀምራ ቀስ እያለች ሄደች። የታችኛው ሦስት ጊዜ ተበላሸ፤ የእማዬ ምላስ እንግዳ አይወድም። የላይኛው ግን በአንዴ ወጣ። ለምን መሰለሽ? ንቅሳቷ ነዋ! ካሜራው በድዷ ላይ ያለውን ጥቁር እየተከተለ መንገዱን ሳይስት ዞረው። ይህን ስንነግራት «እናቴ በእሾህ ስታስነቅሰኝ ያለቀስኩት ለዛሬ ኖሯል» አለች።

ጥፋቱ ከዚያ በኋላ የኔ ነው። ሙያዬን ላሳያት ብዬ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ካሉት ጥርሶች ነጩን፣ ግጥም ብሎ የተደረደረውን መረጥኩላት። መሞከሪያው ጥርስ በፕላስቲክ ታትሞ ወጥቶ አፏ ውስጥ ሲገባ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሷ መስታወቱን ይዛ ብዙ ቆየች። «ጥርሱስ ያምራል፤ ግን የማን ነው?» አለች። አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና «በዚህ ጽዮን ፊት ብቀርብ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት ትልሃለች» አለችኝ። ፍንጭቷን ደፍኜባት ነበር፣ ጽዮንዬ። አባባ በሕይወቱ ሳለ «ያገባኋት ለፍንጭቷ ነው» እያለ የሚያበሽቃትን ያንን ፍንጭት።

ለማስተካከል ፎቶ ፈለግሁ። መታወቂያዋ ላይ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታለች። የሠርጓ ፎቶ ቤታችን ፈርሶ ከዶሮ ማነቂያ ስንወጣ ከዕቃው መሀል ጠፋ። ሰፈሩን አሁን ብታዪው አታውቂውም፤ እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ወደ ድሮው በራችን ሊታጠፍ ይዳዳዋል። በግምት ብሠራው ደግሞ የሌላ ሰው ፍንጭት ይሆናል። ስብሰለሰል ሰንብቼ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሰፈሩ ሁሉ «ስትስቅ ቁርጥ እናቷን» ይልሽ አልነበር? የእማዬ ፍንጭት ያንቺ አፍ ውስጥ አለልን።

ሔርሜላ የምትባል አብራኝ የተማረች የአራት ኪሎ ልጅ እዚያው ዱባይ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። አነጋግሬያታለሁ፤ ስልኳን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ። በዕረፍት ቀንሽ ሂጂላት። ጥርስሽን በዚያው ዓይነት መሣሪያ ታነሳውና በኢሜይል ትልክልኛለች። አያምም፣ ሊጥ የለውም። ፎቶም ታንሳሽ፣ እየሳቅሽ። ከንፈርሽ እስከምን ድረስ እንደሚነሳ ማየት ስላለብኝ የይስሙላ ሳቅ አልቀበልም።

ናፍቀሽናል። ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ከኋላዋ አንቺን የምትመስል ልጅ ሳይ እርምጃዬን አፈጥናለሁ፤ አንዷንማ ስምሽን ጠርቼ አስደነገጥኳት። አንቺ አምፖሉን ስታዪ እማዬ በጎን ሆና አንቺን ታያለች። ስትዘጊው የስልኩን መስታወት በነጠላዋ ጠርጋ «ከስታለች» ትላለች፣ ሁልጊዜ። መቼ እንደምትመጪ አንቺም እኛም አናውቅ። እስከዚያው ጥርስሽ እንኳ ቀድሞሽ ቤት ይግባ።

ባለቤቴ ናዝራዊት በብዙ ናፍቆት ሰላም ብላሻለች። ልጄ ጸሎት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «አሁን እኔና አያቴ እኩያ ነን» እያለች ነው፤ ጉንጭሽን ሳም አድርግልኝ ብላለች። ዶክተር ሁዳም ሳታውቅሽ ሰላም ትልሻለች። እማዬ ይህን መጻፌን አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ግን እንደ ወትሮዋ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ «ከደወለች ደህና ናት በላት፤ ስልኩ ነው የተበላሸው በላት» ብላኛለች።

ስልኩ ደህና ነው ጽዮንዬ። ፍንጭቷን ላኪላት።

ወንድምሽ ሚናስ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.