ቀርከሃ የሌለበት የቀርከሃ ጨርቅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 – ጠዋት 3 ሰዓት

አሁንም አቧራ። ጎናችን ያለው ሕንፃ ከፈረሰ ወዲህ ካዛንቺስ ውስጥ መስኮት መክፈት የሚባል ነገር ቀርቷል። የናሙና ፎጣዎቹን በላስቲክ ሸፈንኩ። ሻዬ ቀዝቅዟል። ነጅማ ቢሮ አልገባችም፤ ሬዲዮ ላይ ናት። እንደገና።

በስልኬ ከፍቼ ሰማኋት። ያው ታሪክ። አባቷ ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ወንበርና አልጋ ሠርተው፣ መንገድ ዳር ሸጠው እንዴት እንዳሳደጓት። እሷ ደግሞ በተራዋ በቀርከሃ ጨርቅ የሰው ልጆችን እንዴት እንደምታለብስ። ጋዜጠኛው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከዚያ «እኔና አንድ ጓደኛዬ ነን የጀመርነው» አለች። አንድ ጓደኛዬ! ጨርቁን ከቻይና የማስመጣው እኔ፣ ቄራ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ጋር የምጨቃጨቀው እኔ፣ ደምበል ያሉትን ባለሱቆች ደጅ የምጠናው እኔ። ሰናይት እባላለሁ ደብተር፣ አንተ እንኳን እወቀው።

ከሰዓት። ከነጋዴዎች ማኅበር ተደወለ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ክርክር አለ፤ እዚሁ ካዛንቺስ፣ ሆቴል አዳራሽ። ጥያቄው፦ የቀርከሃ ጨርቅ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ምልክት ይለጠፍበት ወይስ አይለጠፍበት። ከአምራች ወገን አንድ ተናጋሪ ፈልገዋል። ማንን እንደጠሩ ገምት።

ነ. ስትሰማ ልትበር ደረሰች። የኛ ምልክት ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለ፤ ከሥሩ «መቶ በመቶ ቀርከሃ፣ ለአካባቢ ተስማሚ» ይላል። ቅጠሉን የሳለችው ራሷ ናት። እንደ ልጇ ነው የምታየው።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ቄራ፣ ስፌት ቤት። ተጣላን።

እኔ ያልኩት፦ ከክርክሩ በፊት ምልክቱን እንቀይር። «ቪስኮስ» ብለን እንጻፍ፣ ቅጠሉንም እናንሳው። ወንድሜ ያሬድ የጨርቃ ጨርቅ ኢንጂነር ነው፤ ድሮ ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። ቀርከሃው ተፈጭቶ በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል። በሌላ መርዘኛ ኬሚካል ይሟሟል። ማር የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይሆናል፤ በጥቃቅን ቀዳዳ አሲድ ውስጥ ሲገፋ ክር ሆኖ ይወጣል። ቪስኮስ የሚባለው ይኼ ነው። ከጥድም ከባሕር ዛፍም ቢሠራ ልዩነት የለውም። ከቀርከሃው የሚተርፈው ስሙ ብቻ ነው።

እሷ ያለችው፦ ቀርከሃ ውሃ አጠጡኝ አይልም፣ ፀረ ተባይ አይፈልግም፣ ቢቆረጥ መልሶ ይበቅላል። ኬሚካላቸውን እያጣሩ መልሰው የሚጠቀሙ ፋብሪካዎችም አሉ። እውነት ነው፣ አልካድኩም። የኛ አቅራቢ ግን ከነሱ ነው ወይ? እንጠይቀው አልኩ። መጠየቅ ማለት ሰውየውን መጠርጠር ነው አለች። ወይ ጉድ! ንግድ ያለ ጥርጣሬ የት አገር ነው የሚሠራው?

ከዚያ ያንን የጨርቅ ነጋዴ ሙከራ አመጣችው። መርካቶ አጎቷ ሱቅ ስትሠራ የለመደችው ነው። ክር ይመዘዛል፣ ይቃጠላል። ቀልጦ ከተድበለበለ ፖሊስተር ነው። አመድ ሆኖ ወረቀት ወረቀት ከሸተተ የተፈጥሮ ነው። የኛ ጨርቅ አመድ ሆነ። በጣቷ አሸችና ለሁሉም አሳየች። ልብስ ሰፊዎቹ አጨበጨቡ፣ አንዷማ እልል አለች። ሐሙስ መድረክ ላይ ይህንኑ ልታደርግ ነው። አንቺ ሁሌ ጨለማው ነው የሚታይሽ አለችኝ፣ በነሱ ፊት፣ እየሳቀች።

ደሜ ፈላ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጎተራ፣ ቤቴ። ልብስ አጥቤ ሰቀልኩ። የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ምንጣፏን እላዩ ላይ አራገፈችበት። ተሳደብኩ። ቀለል አለኝ።

ያሬድ ጋ ደወልኩ። ስለ ክር ማቃጠሉ ጠየቅኩት። ሳቁን ማቆም አቃተው። ቪስኮስም እኮ እንደ ጥጥ፣ እንደ ወረቀት ነው የሚቃጠለው፣ መነሻው እንጨት ነዋ አለ። ሙከራው ፖሊስተርን ያጋልጣል እንጂ ቪስኮስን ከጥጥ አይለይም። ነጋዴው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድረክ ላይ ካደረገችው የሚያውቅ ሰው መሳቂያ ያደርጋታል፣ ዛሬውኑ ንገሪያት አለኝ።

እሺ አልኩት።

አልነገርኳትም። ስልኩን ሁለቴ አነሳሁ፣ እናቴ ትሙት። ግን ምን ልበላት? ስንት ወር ነገርኳት! ጨለማው ነው አይደል የሚታየኝ? እሺ። እንግዲህ ብርሃኑን ትየው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ቢሮ። ልምምድ። ነ. ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ትናገራለች፣ እኔ አዳምጣለሁ። ጎበዝ ናት፣ ምን ይደረግ። ድምጿ ሕፃን ያስተኛል። እኔ ብናገር ሰው ሰዓቱን ነው የሚያየው።

መሃል ላይ ቆም አለች። ለማንኛውም ያሬድን አንዴ ብንጠይቀውስ አለች። ኮምቦልቻ ሄዷል፣ ስልኩ አይሠራም አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። እሺ ብላ ቀጠለች። በቃ። ይኸው ነው። እሺ አለች!

አውግዘኝ ደብተር፣ ምን አገባኝ። ሥ/አስኪያጅ ያደረጋት ይኼ የቀርከሃ ታሪክ ነው። ታሪኩ ከወደቀ አብራው ትወድቃለች፣ ቦታውም ለኔ ይሆናል። ምልክቱም ይስተካከላል። ጻፍኩት። አላፍርም።

ክብሪት ያስቸግርሻል ብዬ ላይተር ገዛሁላት። አቀፈችኝ። ከዚያ አባቷ ጋ ደወልኩ። አባባ ከድር፣ ሐሙስ ልጅዎ ሕዝብ ፊት ልትናገር ነው፣ የፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ አልኳቸው። መረቁኝ። ውለጂ ክበጂ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ረጅም ምርቃት። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ጥፍሬን ሞረድኩ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 – ማታ 1 ሰዓት

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሥርዓት ልጻፈው። አዳራሹ ጢም ብሏል። አባባ ከድር ግራጫ ኮት፣ ነጭ ኮፍያ፣ አጠገቤ። መድረኩ ላይ ነ. እና አንድ የኬሚስትሪ ዶ/ር፣ ጌታነህ የሚባል። ሸምገል ያለ ትሑት ሰው። ትሑቶቹን ነው መፍራት።

ነ. እሳት ጎርሳ ተናገረች። ከዚያ ከፎጣችን ክር መዘዘች፣ ላይተሩን ጫረች። አመድ። በሳህን አድርጋ የፊት ረድፍ ያለነው እንድናሸት አዞረችው። ጭብጨባ። አባባ ከድር ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

ዶ/ሩ ይፈቀድልኝ አለ። ኮቱን አወለቀ፣ ገለበጠ፣ ከገበሩ ክር መዘዘ። ላይተሩን ከሷ ተዋሰ፣ አመሰግናለሁ እህቴ ብሎ። አቃጠለ። ያው አመድ፣ ያው ሽታ። ከዚያ ዓይኗን እንድትጨፍን ለመናት። ሁለቱን አመዶች ተራ በተራ አፍንጫዋ ሥር አቀረበ። የቱ ነው የቀርከሃው? አንዱን ነካች። የኮቱ ገበር ነበር። ይድገሙት አለ። ደገመች። አሁንም የኮቱ።

ገበሩ ከጥድ የተሠራ ተራ ቪስኮስ ነው፣ እንግዲህ ለኮቴም ቅጠል ልለጥፍለት? አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማለቴ ወንበር የሚደበድብ ሁሉ ነበር። ከኋላ አንዱ የኔም ካልሲ ቅጠል ይገባዋል ብሎ ጮኸ። ነ. ኩም አለች። ዓይኗን ገልጣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ፈለገች። ስልኬን እንደማይ ሆንኩ።

አባባ ከድር ጆሯቸው ከበድ ይላል። ሳቁ የደስታ መስሏቸው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ብቻቸውን። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብለው ልጄ ረታች አይደል አሉኝ።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ምን ይጎድልብኝ ነበር? «አይ አባባ፣ እየሳቁባት ነው» አልኳቸው። ጮክ ብዬ፣ እንዲሰሙ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቁጭ አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና እስኪያልቅ ድረስ እሱን ብቻ አዩ።

ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ጎተራ ስደርስ ግን ለቅሶው አልቋል። እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ነ. ከኔ ቀድማ ቢሮ ገብታለች። ዓይኗ አብጧል። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው፣ የማያውቃት ሁሉ ሙድ ይይዝባታል።

ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። መልሴን ሁሉ ደርድሬ። ምንም። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን! ስንት ጊዜ ነግረሽኝ አልሰማ አልኩ፣ ስምሽንም አብሬ አጎደፍኩት አለች። ያን ቀን የያሬድ ስልክ ቢሠራ ኖሮ አለች፤ የዕድል ጉዳይ አድርጋው ቁጭ። አፈጠጥኩባት። ጠርጥሪ እንጂ! ሰው ቅንጣት ታህል እንኳን አይጠረጥርም? እንዲህ ስትሆን ነው የምጠላት። ከሬዲዮውም ከምኑም ይልቅ በዚህ ነው።

መቀስ ይዛ ተቀመጠችና ምልክቶቹን ከፎጣዎቹ ላይ መፍታት ጀመረች። ሰፊዎቹ ያድርጉት፣ ለዚህ አይደል የምንከፍላቸው አልኳት። ያስለጠፍኳቸው እኔ ነኝ አለች። ቅጠሎቹ መሬቱን ሞሉት። ምሳዬን ውጭ በላሁ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19 – ጠዋት

ሱቆቹን በእግሯ እየዞረች ነው። እያንዳንዱ ባለሱቅ ፊት ቆማ፦ ጨርቁ ቪስኮስ ነው፣ የጻፍኩት ልክ አልነበረም፣ ሰናይት አስጠንቅቃኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው። ማን አዘዛት? አንዷ ባለሱቅ ደውላ አመሰገነችኝ። እንዳንቺ ያለ ሐቀኛ ሰው ነው የጠፋው አለች። እኔም ምን ይደረግ አልኳት።

ነ. ከመውጣቷ በፊት ስለ አባቷ ነገረችኝ። ከሐሙስ ወዲህ ሥራ አልወጡም። ሊሰነጥቁት የገዙት ቀርከሃ ደጅ ተጋድሟል። እንደሳቁብኝ ማን ነገረዎት ብትላቸው ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ገባኝ አሏት። አንቺ አጠገባቸው ባትኖሪ ምን ይሆኑ ነበር፣ አላህ ይስጥልኝ አለችኝ።

ሽማግሌው ዋሹልኝ። ማን ለመናቸው? ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።


ከሰዓት 9

ተመለሰች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ልትለቅ ነው። ሥ/አስኪያጅነቱን አንቺ ያዢው፣ ከመጀመሪያውም ላንቺ ነበር የሚገባው አለች። እሺ አልኩ።

ግን አልሄደችም። በሩ ጋ ቆማለች። የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። የምትጠብቀው ገብቶኛል። «ቅሪ» እንድላት ነው። አንድ ቃል። ብላት ቦርሳዋን ወርውራ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ።

አልላትም። ወሰንኩ።

ሥራ የያዝኩ መስዬ ይኸው እጽፋለሁ። ቀና አልልም። እስክትወጣ እጽፋለሁ፣ የምጽፈው ባይኖረኝም። ፎጣ። አንሶላ። የሕፃን ኮፍያ። ፎጣ። አንሶላ። ሰኒ አለችኝ። ፎጣ። አንሶላ። የሕፃን ኮፍያ። ፎጣ። በሩ ተዘጋ።